መጀመሪያ መኪናዋ፣ ከዚያ ማኅተሙ

ለወንድሜ ለኖቡሂኮ፤

እንደምን ከርመሃል? የባንኮክ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሪህህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር ቢራውን ተደብቀህ ትጠጣለህ? ሚስትህን ሚሱዙን ወገቧን ያማት ነበር፤ ተሻላት? ልጃችሁ ኮቶሃስ ፈተናዋን አለፈች? እኛ በሕይወት አለን። እማዬ ጨውም ውኃም እየተመጠነላት፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ኩላሊቷን እየታጠበች፣ በቀሩት ቀናት የጎረቤት ወሬ እያጣራች ትኖራለች። እኔም ለተማሪዎች ምሳ ከምናበስልበት ወጥ ቤት አልወጣሁም። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለን ነገር የለም ብዬ እንዳልጽፍልህ ውሸት ይሆንብኛል፤ ዘንድሮ ከናፍቆቱ ንዴቱ ይበልጣል።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ ላይ ቃሉን ከአፌ ስለምትነጥቀኝ ነው። ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው። ሚሱዙም ታንብበው፤ ከሥር ከመሠረቱ የምጀምረው ለእሷ ብዬ ነው።

አሮጌዋ ትንሿ መኪናችን ባለፈው ጥር ከሺንጆ ሆስፒታል ስንመለስ በረዶ ውስጥ ተቀረቀረች። እማዬ ከእጥበቱ እንደወጣች ነበር፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ሁለት ሰዓት ሙሉ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀመጠች። የበረዶ ጠራጊው ሾፌር በሰንሰለት ጎትቶ ባያወጣን ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። ሐኪሙም በሚቀጥለው ቀጠሮ ለብቻዬ ጠርቶ፣ “አንድ ቀን ብትቀር ትታመማለች። ሁለት ቀን በተከታታይ ብትቀር ግን እኔ ዘንድ አታምጫት” አለኝ። ስለዚህ ከፍ ያለች፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትት መኪና ከክረምቱ በፊት መግዛት ነበረብኝ።

ክሮስኦቨር ከሚሏቸው፣ የቤት መኪና ሆነው እንደ ጂፕ ከፍ ካሉት፣ አቅሜ የሚችላቸው ሁለት ነበሩ። አንዷ የአንተ ኩባንያ የሚሠራት ናት፤ ቀይ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ተዳፋት የሆነ፣ ዓይን የምትስብ። ሌላዋ የተፎካካሪያችሁ ናት፤ አራት ማዕዘን፣ ቀጥ ያለች፣ ምንም ዓይነት ውበት የሌላት። እማዬ ገና ሥዕላቸውን ስታይ አንዷን “ቆንጆዋ”፣ ሌላዋን “ሳጥኗ” ብላ ስም አወጣችላቸው። አንተም ማን እንደጠየቀህ እንጃ፣ አሥራ ሰባት ገጽ ማነጻጸሪያ ላክህልኝ። የነዳጁ፣ የሻንጣው ስፋት፣ የመብራቱ ዓይነት፣ ወንበሩን የሚያሞቀው ነገር፣ ሁሉም በሰንጠረዥ ተሰድሯል። በሁሉም ረድፍ ቆንጆዋ አሸንፋለች። ሁሉንም አነበብኩት። የእማዬን ጭንቅላት የት እንዳስገባኸው ግን ብፈልግ አጣሁት።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ አንተ ኩባንያ መሸጫ ነው፤ ይህን አትርሳ። አስቀድመህ ደውለህላቸው ኖሮ ሻጩ በር ድረስ ወጥቶ እጅ ነሳ፣ የእማዬን ስም በጥሩ ጽሕፈት ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አቁሞላታል፣ ቀይ ባቄላ የተሞላ ጣፋጭም አቀረበላት። ሰውየው ጥፋት የለበትም። መኪናዋም መጥፎ አይደለችም፤ ለአንተ ወገብ የተሠራች ናት። እማዬ ግን እንደምታውቀው ከወገቧ ታጥፋለች፣ አንገቷም አይዞርም። ስትገባ ያ የተንሸራተተ ጣሪያ ግንባሯን ጓ አደረገው። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። እሷ ምን ያደረገች ይመስልሃል? ለመኪናዋ እጅ ነሳች። “ይቅርታ፣ ይቅርታ፤ የአሮጊት ራስ ዕውር ነው” እያለች በሩን በእጅጌዋ ጠረገችው። ሻጩ እንደ በርበሬ ቀልቶ ግንባሯ ላይ የሚያዝ በረዶ ሊያመጣ ሮጠ። እሷ ግን አሁንም “ጥሩ መኪና ናት፣ በጣም ጥሩ መኪና ናት” ትላለች፤ ልጇ የሚሠራበት ቤት ነዋ!

ከሰዓት በኋላ ወደ ሌሎቹ ሄድን። የተቀበለችን ወይዘሪት ዋካሳ የምትባል ሻጭ ናት። ስለ ሞተሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መጀመሪያ የእማዬን ጫማ አየች፤ ከዚያ የሳጥኗን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠችን። አሮጊት ስትቸገር ሰው እንዳያያት ነው። እማዬ መቀመጫውን በእጇ ዳበሰች፣ አረፍ አለችበት፣ እግሯን አንድ በአንድ አስገባች። በቃ፤ ማንም አልደገፋትም። በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ቆየችና፣ “አንቺ ቺዙሩ፣ ከዚህ ሆኖ እኮ የሰው ጓሮ ሁሉ ይታያል!” አለች። እጥበት ከጀመረች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

እራት ላይ ሆነን ደወልኩልህ። የመረጥናትን ስነግርህ የመለስክልኝን አንተ ረስተኸው ይሆናል፣ እኔ ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። “የገዛ እህቱ የተፎካካሪ መኪና ትነዳለች ሲባል ፋብሪካ ውስጥ ፊቴን የት ላግባው?” አልከኝ። የሌላ ኩባንያ መኪና የያዘ ሠራተኛ ከአጥር ውጭ ጭቃው ላይ እንደሚያቆም ዘረዘርክልኝ። እሺ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ለምትበላበት ቤት ብትጮኽ አልፈርድብህም። ግን በእናትህ ላይ ትጮኻለህ? ግንባሯ ተመትቶ አብጧል ስልህ ምን አልከኝ? “ታዲያ ጎንበስ ትበላ! ይሄ ምን ችግር አለው?”

ጎንበስ ትበል። ኖቡ፣ ስልኩ እኮ ድምፁ ተለቆ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እማዬ የመብያ እንጨቶቿን በቀስታ አስቀመጠች። ይህች ሴት ስልሳ ዓመት ጎንበስ ብላ ሩዝ ተክላለች። ጎንበስ ብላ የሐብሐቡን ማሳ አርማለች፣ ጎንበስ ብላ አንተን አዝላለች፣ አንተ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በየቤቱ እየዞረች ጎንበስ ብላ አመስግናለች። ዛሬ ቀና ማለት ያቃታት ጎንበስ ብላ ስለቀረች ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ አይደል? ደሜ ፈላ። እሷ ግን “ደክሞት ነው፤ እዚያ ሙቀቱ ከባድ ነው” አለችና ሳህኗን አነሳች። ሩዙን አልጨረሰችውም።

ይሄንንም ዋጥ አድርጌ ነበር። የባሰው የመጣው በማቆሚያው ነገር ነው። ትንንሾቹ መኪኖች እዚህ ምንም አይጠየቁም፤ በዚህ መጠን ያለች መኪና ግን የምታድርበት ቦታ በፖሊስ ካልተረጋገጠ ሰሌዳ አይሰጣትም። መሬቱ የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ፈቅጃለሁ ብሎ የስሙን ማኅተም ማተም አለበት። የቤታችን መሬት የማን እንደሆነ መቼም አልነግርህም። መስከረም ላይ ወረቀቱን ላክሁልህ፤ አንድ ማኅተም ብቻ ነበር የሚጎድለው። ወር ከምናምን አቆይተህ መለስከው። ማኅተም የለበትም። የቆንጆዋ ሥዕል ያለበት መጽሔት አብሮት አለ፤ ላዩ ላይ በተለጠፈች ቢጫ ወረቀት በእጅህ “መጀመሪያ መኪናዋ፣ ከዚያ ማኅተሙ” ብለህ ጽፈሃል።

አባባ የሞተ ጊዜ አንተ ከውል አዋዋዩ ጋር መጣህ። የበኩር ልጅ ነው፣ ወጉ ነው ተባለ፤ ቤቱም መሬቱም በአንተ ስም እንዲሆን የእኔን ማኅተም ጠየቅከኝ። ሻይዬ ሳይበርድ አተምኩልህ። መኪናህ ምን ዓይነት ናት ብዬ ጠየቅሁህ? አሥራ አንድ ክረምት ያን ጣሪያ ወጥቼ በረዶውን አወረድሁ፤ አንዴም ወድቄ የጎድን አጥንቴ ተሰንጥቋል፣ አልነገርንህም። ያን ደጅ በየቀኑ የምጠርገው እኔ ነኝ። እናትህን የምታሳክም መኪና ላቁምበት ስልህ ግን ማኅተምህን እንደ ማሰሪያ ገመድ ያዝህብኝ። ሆድ ባሰኝ ኖቡ። ከአባባ ሞት ወዲህ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም፤ ያለቀስሁትም ከሐዘን አይደለም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚሉት ደረሰብኝ። ወረቀቱን ይዤ ከታች ሦስት መቶ ሜትር ርቀው ወደሚኖሩት ወደ ጋሽ ሆሪጎሜ ሄድኩ። ምን እንደሚል እንኳ አላነበቡትም። “ለእናትሽ ለቶሚኤ ነው?” አሉኝ። አዎ ስላቸው ማኅተማቸውን እፍ አሉበትና አተሙት። ፖሊሱ ሜትሩን ይዞ መጥቶ የእሳቸውን ግቢ ሲለካ፣ “የእናንተ ደጅ እኮ አምስት መኪና ያስቆማል፤ ለምን እዚህ ድረስ መጣችሁ?” አለኝ። ደጁ የወንድሜ ነው አልኩት። “ወንድምሽ ታዲያ ባላጋራሽ ነው እንዴ?” ብሎ ሳቀ።

ሳጥኗ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ መጣች። በረዶውም በሳምንቱ ተከተላት። በረዶ በጣለበት በመጀመሪያው ዓርብ መኪናዋን እቤት ድረስ አምጥቼ እማዬን ከደጃፉ ላነሳት አሰብሁ። ይሄን እንኳ ሕጉም አይከለክልም። እማዬ በረንዳው ላይ ቆማ እጇን አነሳችና፣ “ባለቤቱ አልፈቀደም። ጎማሽን እንዳታስገቢ” አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። ያን ጊዜ ነው ሁሉንም እንደሰማች፣ ቢጫዋን ወረቀትም እንዳነበበች የገባኝ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እንቢ አለች። ከማን እልኸኛነቱን እንደወረስን ረስተነው ነበር። በመጨረሻ ጋሽ ሆሪጎሜ ጎመን የሚጎትቱበትን የበረዶ መንሸራተቻ ይዘው መጡ፤ የሰማንያ ሦስት ዓመት እናታችንን እንደ ጎመን ጭነን ለሁለት ጎተትናት። ጎረቤቶቻችን የነካሳዋራ ቤት ሰዎች በመስኮት ሲያዩን ነበር። አፈር ብሆን በወደድኩ።

በሚቀጥለው ዓርብ ጠዋት ጋሽ ሆሪጎሜ መንሸራተቻውን ይዘው ደጃችን ሲመጡ ሳይደብቁ፣ “ይሄ አይሆንም። ለልጄ ብዬ የሠራሁት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ባዶውን ቆሟል፤ አይጥ ከሚኖርበት ሰው ይኑርበት” አሉ። እኔ እያመነታሁ ሳለ እማዬ ወደ ውስጥ ገባች። ስትዘገይብኝ ገብቼ ባይ፣ የአባባ ስም የተጻፈበትን ጥቁር የመታሰቢያ ሰሌዳ ከቤቱ መሠዊያ ላይ አውርዳ በሐምራዊ መጠቅለያ ጨርቅ እየቋጠረች ነው። የአባት ሰሌዳ ከበኩር ልጅ ቤት እንደማይወጣ እኔ ለእሷ ልነግራት? ቢሆንም አልኳት። “አባትሽ የሚኖረው እኔ ባለሁበት ነው” አለችኝ፤ ቋጠሮውንም አጥብቃ አሰረችው። በሳጥኗ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ፣ አባባን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ እጥበቷ ሄደች።

እንግዲህ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የምንኖረው እዚህ፣ ጋሽ ሆሪጎሜ በሠሩት ቤት ነው። ቤትህ ባዶ ነው። በረዶው ከጉልበት አልፏል፤ ከጣሪያው ላይ የሚያወርድልህ ሰው ፈልግ፣ ካልሆነም በጥር ምሰሶው ይሰበራል። እኔ ከእንግዲህ አልወጣበትም። ያንን አሥራ ሰባት ገጽም ምድጃው አጠገብ አስቀምጬልሃለሁ፤ እሳት ለማያያዝ ይሆንሃል።

ለሚሱዙ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የወገብ መጠቅለያውን በጥቅል እልክላታለሁ። ለኮቶሃ ብዙ ሰላም፤ አያትሽ መኪና ላይ ከፍ ብላ ተቀምጣ መንደሩን ሁሉ ትሰልላለች በላት። ጋሽ ሆሪጎሜ ለአንተ ሰላምታ አላኩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። እማዬ ሰላም ብላሃለች። ሪህህን ተጠንቀቅ፣ ቢራ ቀንስ ብላለች። ከቤቱ ስንወጣ በሩን ልቆልፍ ቁልፉን ሳወጣ እጄን ያዘችኝ። “ተይው፤ ኖቡ ድንገት ቢመጣ የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ በብርድ ሊቆም ነው?” አለችኝ። ስለዚህ በሩ ክፍት ነው። በእኔ ቢሆን ቆልፌው ነበር።

እህትህ ቺዙሩ
ኦባናዛዋ፣ ከሆሪጎሜ ግቢ
ዲሴምበር 3 ቀን 2023