ስልክዎ ዝም ያለበት ምክንያት

ውድ እትዬ፣

ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጉልበትዎ ሕመም ጠይቄ ዘጋሁት። በአራተኛው ራሴን ታዘብኩትና ወረቀት ገዛሁ። የእጅ ጽሑፌን ይቅር ይበሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የኮምፒውተር ቁልፍ ስጫን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እስክሪብቶ ስይዝ ጣቶቼ ግራ ይጋባሉ።

ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው፤ አለዚያ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ወረቀቱ ያልቃል። ስልክዎ ላለፉት ሦስት ወራት የጎብኚ ጥያቄ ሳይመጣበት ዝም ያለው ሰው መጠየቅ ስለተወ አይደለም። ስልኩም አልተበላሸም። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ቤትዎ መጥቼ ያየሁት ዕለት ይህንን አውቄ፣ ዋሽቼዎት፣ ምሳዎን በልቼ ወጣሁ።

አሁን ከመጀመሪያው ልነሳ።

የሙዚየሙ ሰዎች ያንን አፕ እንድንሠራላቸው እኔንና ሁለት ባልደረቦቼን ሲጠሩን ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጎብኚው ሥዕል ፊት ቆሞ ጥያቄ ሲመጣበት ስልኩን አውጥቶ ይጽፋል። ጥያቄው ጎብኚው በስም ለመረጠው፣ ካልመረጠም አፑ ለመደበለት አንድ የሥነ ጥበብ ባለሙያ ይደርሳል፤ ባለሙያውም ከቤቱም ሆነ ከቢሮው ሆኖ እዚያው በዚያው ይመልሳል። ስምንት ባለሙያዎች ተመረጡ። ሰባቱ ፎቷቸውን፣ ማዕረጋቸውንና ያሳተሙትን ሁሉ ዘርዝረው ላኩልን። ስለ ስምንተኛዋ ግን የሙዚየሙ ዳይሬክተር የነገረችን በቃል ነው። "ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ውስጥ ሥዕል ሲጠግኑ የኖሩ ሴት ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እሳቸው ካልገቡበት ባትሠሩት ይሻለኛል" አለችን።

ልመዘግብዎት ቤትዎ ስመጣ በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ምን ትሠራለህ ልጄ?" አሉኝ። የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ አልኩ። "እኔ ደግሞ ጠጋኝ ነኝ። ሁለታችንም ሥራችን ካማረ ሰው አያየንም" ብለው ሳቁ። ስለ ራስዎ በሚጻፈው ቦታ ላይ "የተጎዳ ሥዕል እጠግናለሁ" ብቻ አስጻፉኝ። "ትንሽ አላነሰም እትዬ?" ብልዎት "ካነሰ ይጠይቁኛ! ለዚህ አይደል እንዴ የሠራኸው?" አሉኝ። እንዳሉኝ ጻፍኩት።

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ላይ መልሶችዎን ሳነብ እስቅ ነበር። ሌሎቹ ባለሙያዎች በሁለት ደቂቃ ሲመልሱ እርስዎ በዚያች አንድ ጣትዎ እየለቀሙ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅብዎታል። ሰው "ይህ ሰማይ ለምን አረንጓዴ ሆነ?" ብሎ ሲጠይቅ "እስቲ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ይሂዱና አሁንም አረንጓዴ ከሆነ ይንገሩኝ" ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ያለ ምንም ማለሳለሻ "አላውቅም" ብለው ነጥብ ያደርጋሉ። ባልደረባዬ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ "ባለሙያ አላውቅም ይላል እንዴ? ኧረ አንድ ነገር በላቸው!" አለችኝ። እኔም ኮራ ብዬ "ግድ የለሽም፣ አስተምራቸዋለሁ" አልኳት። እኔ እርስዎን! ያስቡት እንግዲህ።

ከዚያ የዚያች ሥዕል ጉዳይ መጣ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት ማለቴ ነው። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ አርፏል፤ ግን ጣት የለውም፤ ቡናማ ወደ ግራጫ የሚወስደው ለስላሳ ቀለም ብቻ ነው። እዚያ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ ስለዚያ እጅ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሱት ከሰባቱ ባለሙያዎች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ሠዓሊው የሴትየዋ እጅ ጋ ሲደርስ እናቱ እንደሞተችበትና ከዚያ በኋላ ብሩሽ ማንሳት እንዳቃተው በሚያምር ቋንቋ ይጽፋሉ። ሰው ያነባል፣ ዓይኑን ይጠርጋል፣ አምስት ኮከብ ይሰጣል። እኔም ራሴ ሳነበው ሆዴ ባብቶ ነበር።

አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ ታመሙና ጥያቄው ለእርስዎ ደረሰ። የመለሱትን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። "ሠዓሊው እጇን ጨርሶት ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ጣሪያው አፍስሶ ያችን ቦታ ውኃ በላት። አሁን የሚያዩትን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። ጣቶቹ እንዴት እንደነበሩ የሚያሳይ ፎቶ ፈልገን አጣን። ስለዚህ አልሣልኳቸውም። እንዴት እንደነበሩ አላውቅም።"

ጎብኚው አንድ ኮከብ ሰጠና ከሥሩ "ባላወቅኩት ይሻለኝ ነበር፤ ውበቱን አበላሹብኝ" ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ስለ እጁ የጠየቀዎት ሁሉ ያንኑ መልስ አገኘ። እርስዎ አንዲት ቃል አላለዘቡም። ሰዉም ኮከቡን አልጨመረም።

ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት በአንድ እጄ ዳቦ እየገመጥኩ አንድ ደንብ ጻፍኩ። የኮከቡ አማካይ ለአንድ ወር ከሦስት በታች የሆነ ባለሙያ ጥያቄ አይደርሰውም የሚል ነው። ሰነፍ ባለሙያ ጎብኚውን እንዳያበሳጭ ብዬ ነው፤ እርስዎን አስቤ አይደለም። ደንቡ ሲሠራ ለባለሙያው የሚላክ አጭር መልእክትም መኖር ነበረበት። ጀመርኩት፣ ሰረዝኩት፣ ጀመርኩት፣ ሰረዝኩት። ሰውን አልተፈለጉም ብሎ በትሕትና መንገር እንዴት ነው የሚባለው? በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ቦታውን ባዶ ተውኩት። ኮምፒውተር ደግሞ በባዶ ቦታ አይከፋውም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እርስዎ ወጡ፤ ለእርስዎም የነገረዎት የለም፣ ለእኔም የነገረኝ የለም።

ከሁለት ወር በኋላ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ይሄ ስልክ ሳይታመም አልቀረም፤ ስታልፍ ጎራ ብለህ እየው።" መጣሁ። ወንበርዎን ከሶኬቱ አጠገብ አዙረውታል። ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው፤ ከጎኑ መነጽርዎ፣ ማጉያ መስታወትዎና የሥራ ደብተሮችዎ፣ ጥያቄ ቢመጣ እንዳይፈልጉ ገጽ ገጻቸው በወረቀት ቁራጭ ምልክት ተደርጎባቸው ተደርድረዋል። ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያ ተዘጋጅተው ጠብቀዋል። ስልኩን ከፈትኩት። ከስምዎ ሥር በግራጫ ፊደል "አገልግሎት ላይ የሉም" ይላል። ደንቤን እዚያው አወቅኳት።

እጅዎን በፎጣ እያደረቁ መጡና "እህ? ምን ሆኗል?" አሉኝ።

"ምንም አልሆነ። ወቅቱ ነው እትዬ፣ ጎብኚ ቀንሷል" አልኩ።

እንዲህ ቶሎ መዋሸት መቻሌን እኔም አላውቅም ነበር። እርስዎ ግን አመኑኝ። ምሳ አቀረቡ፣ አጎረሱኝም። ከተበላ በኋላ መስኮቱ ጋ ቆመው፣ ለእኔም ይሁን ለራስዎ እንጃ፣ "እንግዲያውስ ሰው መጠየቅ ትቷል። እኔ እኮ ያን ሁሉ ዓመት የጠገንኩት ሰው ቀርቦ እንዲያይ ነበር፤ ካልቀረበ ምን ዋጋ አለው?" አሉ። አላማረሩም፣ ድምፅዎንም ከፍ አላደረጉም። ደብተሮቹን አንድ በአንድ ካርቶን ውስጥ ጨመሩና ገመድ አመጡ። ቋጠሮው እንዳይላላ ጣቴን አስቀምጬ የያዝኩልዎት እኔ ነኝ። ሰው ዕድሜ ልክ የሠራውን ሥራ በእኔ ውሸት ሲያስር ጣቴን አበደርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ነገር ከዓይኔ ላይ አልጠፋ ብሎኛል።

ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሯ ጎብኚዎች ሥዕል ፊት ምን ያህል እንደሚቆዩ የሚያሳይ ሪፖርት ጠየቀችኝ። አፑ ይህን ሲመዘግብ ኖሯል፤ እኛ ግን ኮከብ ኮከቡን ስናይ አንድም ቀን ገልጠነው አናውቅም። የፕሮፌሰሩን መልስ ያነበበ ሰው አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ወደሚቀጥለው ሥዕል ይሄዳል። እርስዎ "አላውቅም" ያሉት ሰው ግን እዚያው ይቆያል። ዘጠኝ ደቂቃ በአማካይ! ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሁለቴ ደገምኩት። "ውበቱን አበላሹብኝ" ብሎ የጻፈው ያ ኩርፊያም ሰውዬ ከጻፈ በኋላ አሥራ ሰባት ደቂቃ እዚያው ተገትሮ ቆይቷል። እየተናደደ ሲያይ ነበር ማለት ነው።

ስብሰባዬን ትቼ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። ያችን ሥዕል ስንት ጊዜ ፎቶ አንስቻታለሁ፣ ግን አይቻት አላውቅም ነበር። አፍንጫዬ ሊነካት እስኪደርስ ቀረብኩና ጥበቃዋ "ወንድም፣ መለስ በል እንጂ!" ብላ ጮኸችብኝ። መለስ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ያኔ ነው የእርስዎ ቀለም የሚያልቅበትን መስመር ያየሁት። ጥርት ያለ ነው። ውኃ ያልነካውን የሠዓሊውን ቀለም የፀጉር ታህል እንኳ አልደፈኑበትም። የጠፋውን ብቻ ሞሉ፤ እሱንም፣ ቀርቦ የሚያይ ሰው የተሞላ መሆኑን እንዲያውቅ አድርገው ሞሉት።

እትዬ፣ ለእርስዎ አምስት ጣት መሣል ምን ነበር? ግማሽ ቀን አይፈጅብዎትም። ማንም አይደርስብዎትም፤ እንዲያውም ያደንቁዎት ነበር። ግን የማያውቁትን አልሞሉም። እኔ ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጎድለኝ፣ እውነቱን መናገር ብፈራ፣ ቶሎ ብዬ "ወቅቱ ነው" ብዬ ሞላሁባት። እርስዎ አላውቅም ለማለት የማያፍሩ ሰው ነዎት፤ እኔ እያወቅኩ እንዳላወቀ የሆንኩ ሰው ነኝ። ብዙ ጎበዝ ሰው አይቻለሁ፤ እንደ እርስዎ ያከበርኩት የለም። ይህን ፊትዎ ላይ ብናገረው "በል ተው" ብለው ስለሚያቋርጡኝ በጽሑፍ መሆኑ ደግ ሆነ።

ደንቡን ሰርዣለሁ። ለዳይሬክተሯ ሁሉንም ነገርኳት፤ ተቆጣችኝ፣ ደግ አደረገች። ፕሮፌሰሩም ሰምተው ሥዕሏን ደግመው ሊያዩ መጡ። ብዙ ቆይተው "ያን ታሪክ ከማን እንደሰማሁት እንኳ አላስታውስም" አሉኝና መልሳቸውን ከአፑ ላይ ራሳቸው አነሡት። ባልደረባዬ ግን ለእርስዎ መናገሩ አልታያትም። "ምን ያስጨንቅሃል? ስማቸውን ዝም ብለህ መልሰው። ስልኩ ሲጮኽ ደስ ይላቸዋል፣ አለቀ!" አለችኝ። አልዋሽዎትም፣ አማረኝ። እጄን ቁልፉ ላይ አስቀምጬም ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አርባ አንድ ወረቀት አለ። በእነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ ኮከቡን አይተው፣ ሌላውን ሁሉ አልፈው፣ የእርስዎን ስም መርጠው የጠየቁ ሰዎች ጥያቄ ነው። አፑ ለአርባ አንዱም "ባለሙያዋ አይገኙም" ብሎ መልሶላቸዋል። አንዷ "ሥዕሉ ላይ ካሉት አዛውንት በስተኋላ ያለው በር ወዴት ይወስዳል? አላውቅም ቢሉኝም ግድ የለም፣ የት ቆሜ ልየው የሚለውን ብቻ ይንገሩኝ" ትላለች። አንዱ ደግሞ ጥያቄ እንኳ የለውም፤ "እዚያ ነዎት?" ብሎ ብቻ ጽፏል። እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቧቸው።

ስምዎን ግን አልመለስኩትም። ሳልጠይቅዎት አስወጣሁዎት፤ አሁንም ሳልጠይቅዎት ባስገባዎት ያው ድፍረት ነው። ለእነዚያ አርባ አንድ ሰዎች ዛሬ ጠዋት ጽፌላቸዋለሁ፤ ባለሙያዋ ጠፍተው ሳይሆን እኔ በስሕተት አስወጥቻቸው እንደነበር፣ ይመለሱ አይመለሱም ገና እንደማላውቅ ነገርኳቸው።

እሑድ ከሰዓት እመጣለሁ። ግባ ካሉኝ እገባለሁ፤ ፊትህን አላይም ካሉኝም ደጅ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠይቄዎት እመለሳለሁ፤ አልከፋም። መመለስ ካልፈለጉም የእርስዎ ፈቃድ ነው። ብቻ ያችን መስኮት ጋ ቆመው ያሏትን ነገር ከልብዎ ያውጡልኝ። ሰው መጠየቅ አልተወም፣ እትዬ። እየጠየቀ ነበር፤ እርስዎን ነበር የሚጠይቀው።

አክባሪ ልጅዎ