ቁጥር አይዘለልም

ረቡዕ፣ ሰኔ 11
ከሥራ መልስ

ለመጨረሻ ልጄ፣

ሰላምታዬን ከቁጣዬ በፊት ተቀበዪልኝ። ደህና ነሽ? የምትለማመጂበት ሆስፒታል ምግቡ ይስማማሻል? ያ ሳል ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደህና ነው፤ ደህና ያልሆነው ሌላ ነው። ደውዬ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን በስልክ ከሆነ እንደምጮህ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ጎረቤትም ያውቃል። ደግሞ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘ ቅጽ አለ። እስክደርስበት ድረስ አትንኪው።

ሰኞ ዕለት ከሥራ አስፈቅጄ ኮሌጅሽ ሄድኩ። የዘንድሮ ተመራቂዎች ስም ተለጥፏል ሲሉኝ ስምሽን በዓይኔ ልየው ብዬ ነው። የጤና አስተዳደር ተመራቂዎች አርባ ሦስት ናቸው። ከላይ ወደ ታች አነበብኩ፣ ከታች ወደ ላይ አነበብኩ፣ መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኩ። ያቺ ካንቺ እየኮረጀች እዚህ የደረሰችው እንኳ አለች። አንቺ የለሽም።

እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ደረስኩ። የመስኮቷ ሴትዮ ቀና ብላ ሳታየኝ አማካሪዋን ያነጋግሩ አለችኝ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በካርድ ክፍል መስኮት ተቀምጫለሁ፤ በሽተኛን ቀና ብዬ ሳላይ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ይህንኑ ነገርኳት። ያን ጊዜ ቀና አለች።

አማካሪ መምህርሽ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ፣ ጠረጴዛውን ግን በወረቀት የቀበረ ሰው ነው። አንዲት ኮርስ ቀርታታለች አለኝ፤ 412፣ የጤና መረጃ አያያዝ። ከንዴቴ ብዛት ሳቄ መጣ። የበሽተኛ ካርድ እንዴት እንደሚከፈት፣ እንደሚደረደር፣ እንደሚጠበቅ የሚያስተምር ኮርስ! የካርድ ክፍል ሠራተኛ ልጅ ሁሉን አልፋ በዚህ ትወድቃለች? አልወደቀችም፣ አልወሰደችውም አለኝ። ኮርሱ የሚሰጠው በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ ነው፤ አንቺ ለሁለተኛው አቆየሽው፤ እንግዲህ ለአንዲት ኮርስ አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። የምትለማመጂበት ሆስፒታል ደግሞ ስትመረቂ ሊቀጥርሽ ቃል የገባልሽን የአስተባባሪነት ቦታ ይዞ የሚጠብቅሽ እስከ መስከረም ብቻ ነው።

ስምንት ሴሚስተር ሙሉ የምዝገባ ወረቀቷ ላይ ሲፈርሙ ምን እያዩ ነበር ብዬ ያዝኩት። ሁለት መቶ ተማሪ አለብኝ አለ። እኔ ስልሳ ሺህ ካርድ አለብኝ፤ አንዱ ከቦታው ቢጎድል አገላብጬ እፈልጋለሁ እንጂ ብዙ ናቸው ብዬ አልቀመጥም አልኩት። "ማኅደሯን ያውጡልኝ፤ ወረቀት አይዋሽም።"

አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው። ምነው ባልጠየቅኩ።

የመጀመሪያው ወረቀት የአራት ዓመቱ የኮርስ ዕቅድ ነው። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። አንደኛ ዓመት ስትገቢ ማስመሪያ ይዤ ቅዳሜን ሙሉ የሠራሁልሽ፤ ኮርሶቹን ሁሉ እንደ መደርደሪያችን ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ ያሰለፍኩልሽ። 412 ትልቁ ቁጥር ስለሆነ የመጨረሻው ሴሚስተር የመጨረሻ መስመር ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛው ወረቀት ያለፈው መስከረም የሞላሽው የለውጥ ማመልከቻ ነው። "ኮርሱ በዚህ ሴሚስተር ብቻ ስለሚሰጥ 412ን አስቀድሜ 405ን ላቆይ" ይላል። ከዚያ በላዩ ሁለት ሰረዝ፣ ከሥሩ በዚያች ቆንጆ ጽሕፈትሽ፦ "ከቤተሰብ ጋር ተመካክሬ ትቼዋለሁ።"

የምን መመካከር ነው? ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። ጋወኔን እየተኮስኩ ነበር።

"እማዬ፣ የኮሌጅ ቁጥር እንደ ካርድ ቁጥር አይደለም። አንዷን ላስቀድማት?" አልሽኝ።

"ቁጥር ቁጥር ነው፤ አይዘለልም" አልኩሽ፤ ከካውያው ቀና እንኳ ሳልል። ምክንያቱን ልትነግሪኝ አፍሽን ስትከፍቺ ጨርሰናል አልኩሽ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ቁጣዬ ግን በዚህ የበረደ እንዳይመስልሽ። አንቺንም ተቆጥቻለሁ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ እያወቅሽ በየእሑዱ ስደውልልሽ "ሁሉም ደህና ነው እማዬ" ትይኛለሽ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ይህን ለብቻሽ ተሸክመሽ! ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ብዕሬን ሳነሳ መልሱን አወቅኩት። የማይነገራት ሴት ሆኜብሽ ነው። ይህን ስጽፍ አፍሬያለሁ።

አማካሪሽንም ቢሆን አልማርኩትም። ማመልከቻሽን ስትሰርዢ እያየ አንድ ቃል አልተነፈሰም። "ውሳኔው የተማሪዋ ነው" አለኝ። ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሲሄድ እያዩ መንገዱ የራሱ ነው ይባላል? ይህን ስለው ላብ አጠመቀው፤ ከመሳቢያው ይህን ቅጽ ያወጣው ያኔ ነው። አንድ ኮርስ ብቻ የቀረው ተማሪ፣ ዲኑ ከፈቀደ፣ ክረምቱን ከመምህሩ ጋር ለብቻው ተምሮ መጨረስ ይችላል። ይህን እስኪቆጡት ድረስ በመሳቢያ መቆለፉ ሌላ ጉድ ነው።

ቅጹ "የዘገየበት ምክንያት" የሚል መስመር አለው። አማካሪሽ እርሳሱን አንስቶ "የተማሪዋ ቸልተኝነት" ብሎ ጻፈ። ምነው ስለው ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው፣ ቶሎ ያልፋል አለ። ልጄ፣ ሰኞን ሙሉ ስናደድ ውዬ እውነተኛውን ንዴት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በገዛ ላጲሱ አጠፋሁትና በብዕር "የእናቷ ትእዛዝ" ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። እንዲህ ያለ ምክንያት አይታወቅም አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይታወቃል አልኩት።

አሁን ቅጹን ገልጠሽ እዪው። "የተማሪዋ ውሳኔ" የሚለውን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የአንቺን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ብዕሬ ወደዚያ መስመር ሁለቴ ሄዶብኝ መለስኩት። ክረምቱን መጥተሽ ጨርሺ ማለት እችል ነበር። ይህን ትምህርት የመረጥሽው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ ብዬ መጠየቅም እችል ነበር፤ ጥያቄው ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል። አልጠይቅሽም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የአውቶቡስ ሾፌር ቅዳሜ ይመለሳል። ዲኑ እስከ ሰኞ ይቀበላል። የወሰንሽውን ጻፊበት፣ ፈርሚ፣ አብሬ በላክኩልሽ ፖስታ ውስጥ ከተሽ አሽጊና ለሾፌሩ ስጪው።

የያዝሽው ይቅናሽ። ክፉ አይንካሽ። በሄድሽበት ሁሉ ቀና ብሎ የሚያይሽ ሰው አይጥፋ። ፖስታውን ሳልከፍት ለዲኑ አደርስልሻለሁ።

እናትሽ