የአቶ ቀጄላ ሊቤ ሕይወትና የመቀሱ ስጋት

አቶ ቀጄላ ሊቤ ከአባታቸው ከኦቦ ሊቤ ገርባና ከእናታቸው ከወ/ሮ አትክልት ዳኜ፣ ከሰበታ ወዲያ በምትገኘው በተጂ፣ በኅዳር ወር 1964 ዓ.ም. ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ሰበታ ተምረው በ1987 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመረቁ፤ ከዚያም ሱሉልታ ለአሥር ዓመት ያህል አስተማሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈሪ ነበሩ። ይህን የጻፈችው ታላቅ እህታቸው ገለቴ ናትና አትዋሽም። ጅብ ሲጮህ ቀድመው የሚሸሸጉ፣ ካደጉም በኋላ ሚኒባስ ሲፈጥን "ወራጅ አለ!" ብለው መንገድ ላይ የሚወርዱ ሰው ነበሩ። "ፈሪ ለእናቱ" እያልን ስንቀልድባቸው አብረውን ይስቁ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. ከወ/ሮ ጥሩሰው ሰለሞን ጋር ጋብቻ ፈጽመው ያኔትንና ማቲን አፈሩ። ኑሯቸውን ሰበታ አደረጉ፤ ወ/ሮ ጥሩሰው እዚያው አበባ እርሻ ተቀጠሩ፣ አቶ ቀጄላ በ1998 ዓ.ም. ቡራዩ በሚገኝ የምርምር ተቋም ሥራ ጀመሩ።

ሥራቸውን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ማስረዳት ይገባል። አፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ አለ። በቆሰለ ተክል ገብቶ የራሱን ጂን ተክሉ ውስጥ ይሰካል፤ ያን ጊዜ ግንዱ ሥር እጢ ይበቅላል። ተመራማሪዎች ይህን ተንኮሉን ለበጎ አዋሉት። እጢ የሚያመጣውን ጂን አውጥተው፣ ማለትም ጥርሱን አውልቀው፣ ሊያጠኑት የፈለጉትን ጂን ይጭኑበታል። አቶ ቀጄላም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ባክቴሪያውን ቅጠል ውስጥ እየጨመሩ፣ ሽምብራ ድርቅ እንዲችል የሚያደርገው የትኛው ጂን እንደሆነ ይመረምሩ ነበር። የተጂ ልጅ ሽምብራ ቢያጠና ምን ይገርማል!

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ባክቴሪያ የጨመሩበትን ቅጠል የሚቆርጡበትን የቤተ ሙከራውን መቀስ ሰበታ ለማስሞረድ ወደ ቤት አመጡ። ወ/ሮ ጥሩሰው ለእርሳቸው የተገዛ መስሏቸው ወደ አበባ እርሻው ወሰዱት፤ ከባልደረባቸው ከወ/ሮ ትጊ ጋር እየተቀባበሉ ጽጌረዳ ሲከረክሙበት ሰነበቱ። በጥር ወር ሁለቱ በሚሠሩበት ክፍል የጽጌረዳው ሥር እጢ አወጣ። ወ/ሮ ጥሩሰው ራት ላይ ይህንኑ እንደ ዋዛ ሲያወሩ የአቶ ቀጄላ ጉርሻ ከእጃቸው ወደቀ።

"ያ ዋቅ! በምንድን ነበር የምትቆርጡት?"

"ባመጣህልኝ መቀስ ነዋ!"

ፍርሃታቸው እንዲያው የመጣ አልነበረም። ጥርሱ የወለቀው ባክቴሪያ እጢ እንደማያወጣ አሳምረው ያውቃሉ። ነገር ግን መቀሱን ወደ ቤት ባመጡበት ሰሞን ለማነጻጸሪያ ጥርሱ ያልወለቀውንም አውጥተው ሠርተውበታል። መቀሱን በአልኮል ጠርገውታል ወይስ አልጠረጉትም? ይህ ጠፋባቸው። ሁልጊዜ ይጠርጉ ነበር፤ የዚያን ቀን መጥረጋቸውን ግን ምለው መናገር አልቻሉም። እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር ከረመ። ቢናገሩ ወ/ሮ ጥሩሰውና ወ/ሮ ትጊ እንጀራቸውን ያጣሉ፤ ዝም ቢሉ በሽታው ተዛምቶ እርሻው ቢዘጋ የስንት እናት ጉሮሮ ይዘጋል። ታናሽ ወንድማቸው ያደታ፣ "አርፈህ ተቀመጥ፤ ሳይጠሩህ አቤት ትላለህ?" አሏቸው።

አላረፉም። በየካቲት ወር ወደ እርሻው ሄደው ለሥራ አስኪያጁ፣ "ከእኔ መቀስ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ይመርመርልኝ" አሉ። እንግዲህ ፈሪ የምንላቸው ሰው እኚህ ናቸው! የእጢው ናሙና ከቤተ ሙከራው ባክቴሪያ ጋር እንዲነጻጸር ወደ ውጭ አገር ተላከ። ሁለቱ ሴቶች ውጤቱ እስኪመጣ ከሥራ ታገዱ። ሰፈሩስ መች አረፈ! በሽታው ሰው ላይ ይጋባል ተብሎ የአቶ ቀጄላን እጅ ላለመጨበጥ መንገድ የቀየረ ጎረቤት አለ። ይኸው በሬሳቸው ፊት እንናገራለን፤ ያ ባክቴሪያ የተክል እንጂ የሰው ጠላት አይደለም። ድንኳኑ ውስጥ እህል ላለመቅመስ ሰበብ የምትፈልጉ ካላችሁ ሌላ ሰበብ ፈልጉ።

ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጡ ነበር። እህል አልወርድ አላቸው፤ የቆየ ደም ግፊታቸውም ባሰ። ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ወ/ሮ ጥሩሰውን "ደወሉ እንዴ?" ብለው ጠይቀው መልሱን ሳይሰሙ ወደቁ። ሐኪሞች ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም መፍሰሱን ነገሩን። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ውጤቱ ይህ ጽሑፍ እስከሚነበብበት ሰዓት ድረስ አልመጣም። ቤተሰቡም እንደ እርሳቸው ይፈራል፤ ምን ይደበቃል? ወ/ሮ ትጊ ግን ከትናንት ጀምሮ ከወ/ሮ ጥሩሰው ጎን አልተነሱም።

አቶ ቀጄላ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ጥሩሰውን፣ ልጆቻቸውን ያኔትንና ማቲን፣ እህታቸውን ገለቴንና ወንድማቸውን ያደታን ትተው ሄደዋል። ለቅሷችንን ለመካፈል ከተጂ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። አንድ ልመና ግን አለን። ውጤቱን ቀድማችሁ የሰማችሁ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ በየመንገዱ አታውሩት፤ ለወ/ሮ ጥሩሰው ንገሯቸው። ወ/ሮ ጥሩሰው እዚህ መቃብራቸው ድረስ መጥተው ይነግሯቸዋል፤ ከሁላችንም በፊት መስማት የሚገባቸው አቶ ቀጄላ ናቸው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ፍርሃት ከማይደርስበት፣ ከአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን።