ድምፁን ያጠፋህልኝ ካሜራ

ይድረስ ለልጄ፤ ክፉ አይንካህ፣ የረገጥከው ሁሉ ይለምልምልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ግራ እጄ ብቻ በጄሶ ታስሯል።

ትንሿን ካሜራ ስትሰጠኝ ድምፁንም ፍላሹንም አጥፍተህልኝ ነበር። እኔ ግን «ቀጭ» ካላለ ያነሳ አይመስለኝምና ፎቶ ቤት ወስጄ ድምፁን አስመለስኩት።

እሁድ የእህትህ ባል ፀጉሯን ጠምዝዞ ከግድግዳ ጋር ሲያላትማት በመስኮት አነሳሁት። ቀጭ አለ። ዞር ሲል አየኝና መስኮቱን እጄ ላይ ደርግሞ ሰበረኝ። ካሜራውን ግን አልለቀቅኩም። ደሟ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ የእሱ ፊት ግን «ቀጭ» ሲል ስለዞረ ደብዝዟል። ፎቶውን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ስንሄድ እህትህ ፈርታ «ወደቅኩ» አለች፤ ፖሊሱም «ሰውየው አይለይም» ብሎ ለቀቀው።

አሁን እኔ ጋ ናት። ትናንት በሩን በእርግጫ ሲደበድብ አመሸ።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ አለኝታዬ። ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ የካሜራው ድምፅ በየትኛው ቁልፍ እንደሚጠፋ እባክህ ቶሎ ጻፍልኝ።

እናትህ