አንድም ቅሬታ ያልደረሰበት ሪፒተር

ለአማተር ሬዲዮ ክበባችን ሊቀ መንበር

«ቅሬታ ያለው አባል በዚያው በአዲሱ ዲጂታል ሪፒተር በኩል እንዲያሰማ በተወሰነው መሠረት ስንጠብቅ ቆይተን አንድም ቅሬታ አልደረሰንም። ስለዚህ አሮጌው ሪፒተር ከኮረብታው ይነሳል።»

የተከበሩ ሊቀ መንበር፣ ጤናዎ እንደ አዲሱ መሣሪያዎ ድምፅ የጠራ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከላይ ያለውን ማስታወቂያ በክበቡ በር ላይ ሳነብ ያደረብኝን አድናቆት እንድገልጽ ይፈቀድልኝ። በሩ ጠብቦት ውጭ የቀረን ሰው «ገብተህ አመልክት» ማለት ከእርስዎ በፊት ማንም ያላሰበው አሠራር ነው።

አንደኛ፣ ታላቅ እህቴ ጡረታ የወጣች አዋላጅና የክበባችን አባል ስትሆን፣ ከኮረብታው ጀርባ ስልክ በማይሠራበት ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። አሮጌው ሪፒተር አዲሱ ሲተከል ከመዘጋቱ በፊት ደካማ ድምፅዋን ከኮረብታው ላይ ተቀብሎ፣ አጉልቶ እያስተላለፈ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ እየተንሿሿም ቢሆን፣ ጠዋት ጠዋት ደኅንነቷን ያሰማኝ ነበር። አዲሱ ግን ሞገድ ሲደክምበት ድምፅ አያሻክርም፤ ጭራሹን ይውጠዋል። ጥራት ይህ ከሆነ መቃብርም ጥርት ያለ ነው።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር ከደረጃ ወድቃ እግሯ ሲሰበር፣ የሬዲዮዋ ባትሪ እስኪያልቅ ተጣርታለች። ጥሪው ለማንም አልደረሰም። ያነሳት ጎረቤት ነው። ሐኪም ቤት ስደርስ የተቀበለችኝ «አንተ፣ ተቀይመኸኝ ነው ዝም ያልከኝ?» ብላ ነው። እርስዎ ያንን ዝምታ «ቅሬታ የለም» ብለው ስለተረጎሙልን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ ይህንኑ በስብሰባ ላይ ሳስረዳ «ወንድሜ፣ እኔ ቤት እኮ ፏ ብሎ ነው የሚሰማው!» በማለት ስላጽናኑኝ ባለውለታዎ ነኝ። የሪፒተሩ ምሰሶ ከሰገነትዎ ላይ ሆነው የሚያዩት በመሆኑ ምስክርነትዎን አልጠራጠርም።

ዲጂታል ጠል አይደለሁም፤ ለከተማው ነዋሪ መልካም መሣሪያ ነው። የምጠይቀው አሮጌው ከነመንሿሿቱ እንደገና በርቶ በቦታው እንዲቆይ ብቻ ነው፤ ኮረብታው ለሁለቱም ይበቃል።

የሰሙትን ሁሉ አጥርተው፣ ያልሰሙትን ሁሉ እንደሌለ ቆጥረው ለሚመሩን ለእርስዎ ካለኝ የማያልቅ አክብሮት ጋር፣

የእህቱ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ረቂቁን አንብባ «አንተ ልጅ፣ ሰውየውን አታስቀይመው፤ ምናልባት እሱም የሚመክረው አጥቶ ይሆናል» ስላለችኝ ጠንከር ያሉትን አንቀጾች አውጥቻለሁ። እስከ ጥር አሥር ቀን ድረስ በወረቀት የተጻፈና የተፈረመ መልስ ካልደረሰኝ፣ መልሼ አስገባቸዋለሁ።