ደወሉን ሰምታ ስለገባችው ስለ ዝናሽ

የካቲት 13
ለተከበሩ አቶ ባምላክ
የሰሊጥና የጥራጥሬ ማበጠሪያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ፈጣሪ ዐይንዎን ከአቧራ፣ ደረትዎን ከጭስ፣ እንቅልፍዎን ከሐሳብ እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ፤ እንቅልፍዎ እንኳ እንደተጠበቀልዎ ሰኞ ጠዋት ከመኪና ሲወርዱ ፊትዎን አይቼ ተረድቻለሁ።

እኔ ሙሚና ጃቢር እባላለሁ፤ በለቀማ ክፍልዎ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሽምብራ ስለቅምና ሰሊጥ ሳበጥር የኖርኩ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ ቃል ሲያጥረኝ ቢያዩ ይቅር ይበሉኝ። ይህንን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም፤ በፖስታ አሽገን የላክንልዎት ሦስት ደብዳቤዎች የጽሑፍ መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ፖስታ መቅደድ ያስቸግርዎ ይሆናል ብዬ አዝኜልዎ ነው። ላመሰግንዎ የምፈልገው ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላድርገው።

1ኛ. ስለ ደወሉ አመሰግናለሁ። እርስዎ ከቢሮዎ እምብዛም ስለማይወርዱ ላስታውስዎ፤ ከለቀማ ክፍሉ ጣሪያ ላይ፣ ልክ ከማበጠሪያው ማሽን አናት በላይ፣ ጭስ ስታሸት ደወል የምታስጮህ ነጭ ክብ ዕቃ አለች። ከተተከለች ሦስት ዓመቷ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ከፍቶ አልጠረጋትም። ሆዷ በሰሊጥ አቧራ ስለተሞላ፣ ማሽኑ ከምሳ በኋላ ሲነሣና የተኛውን አቧራ ቡን ሲያደርገው፣ ጭስ መጣ ብላ ትጮሃለች። በመጀመሪያው ሰሞን ጫማችንን እንኳ ሳናጠልቅ ወደ ደጅ እንሮጥ ነበር። እርስዎም በረንዳዎ ላይ ብቅ ብለው "አቧራ ነው፣ ሥራ አታስፈቱ" ይሉን ነበር። በሁለተኛው ወር መሮጡን ትተን እየተራመድን ወጣን፤ በሦስተኛው ወር ቀና ብላ የምታይ ሴትም ጠፋች። ይህን ያህል ድፍረት ያስተማረን አለቃ ከየት ይገኛል?

2ኛ. ስለ መሰላሉ አመሰግናለሁ። የመብራት ሠራተኛችን አያ አላምረው እነዚያ ሦስት ደብዳቤዎች ሲጻፉ ቃሉን ሲነግረን የነበረ ሰው ነው። ያለውም ከባድ ነገር አልነበረም፤ የማሽኑም የጆንያ መጋዘኑም ዕቃዎች በየወሩ ይከፈቱ፣ አቧራቸው በብሩሽና በንፋስ ይውጣ፣ ያረጁት ይቀየሩ፣ ከማሽኑ አናት ላይ ያለችው ደግሞ አቧራ ወደማያገኛት ቦታ ትዛወር ነው ያለው። ግማሽ ቀን ሥራ፣ አንድ ረጅም መሰላል፣ ሌላ ምንም። "በሂደት ላይ ነው" የሚል ቃል በጸሐፊዎ በኩል ደረሰን። መሰላሉ ግን በእውነት መጣ፤ "ደኅንነት ይቅደም" የሚለው ባነር ሊሰቀል መጣና፣ ሰቃዩ ከዚያች ነጭ ዕቃ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ሚስማሩን መትቶ ወረደ። አያ አላምረው ከሥር ሆኖ "አንተ ሸጋ ልጅ፣ ከወጣህ አይቀር እፍ በልባት" ቢለው፣ "የታዘዝኩት ባነር ነው" አለው። ታዛዥ ሠራተኛ እንዳለዎት ያን ቀን አየን።

3ኛ. እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ካልተናገርኩ ደብዳቤው ሐሰት ይሆንብኛል። እንደሚያውቁት ስልካችንን ጠዋት ለዘበኛ አስረክበን ነው የምንገባው፤ ምሳ የምንበላበት ግቢ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት የለም። ያ ደወል ግን በየቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑ ሲነሣ አይቀርም። ስለዚህ ቀስ እያልን የሥራ መግቢያ ደወል አደረግነው። ሲጮህ ሳህናችንን አንሥተን፣ ነጠላችንንና ሻሻችንን አስተካክለን እንገባለን። አዲስ ሴት ስትቀጠር ሥራ የማሳየው እኔ ነኝ፤ ለሁሉም በዚህ በአፌ "ይህ ደወል ሲጮህ ምሳ አለቀ ማለት ነው፣ ግቡ" ብያቸዋለሁ። ከአይከል የመጣችውን ዝናሽንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እሷም ስቃ "እኛ አገር ደወል የሚደወለው ለቅዳሴ ነበር፣ እናንተ ደግሞ ለሰሊጥ ታስቀድሳላችሁ?" አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን አልዘገየችም። ለዚህም ነው አምና እርስዎ በእጅዎ "ለሰዓት አክባሪነት" የሚል የምስጋና ወረቀት የሰጧት፣ የለቀማ ክፍሉንም ኃላፊ አድርገው የጆንያ መጋዘኑን ቁልፍ ያስረከቧት። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ከቤቷ ግድግዳ ላይ ነው።

4ኛ. ጥር 15 ቀን። ይህንን በአጭሩ እጽፈዋለሁ፤ ማስረዘም አልችልም።

ከሴቶቹ ጋር ምሳችንን በልተን፣ እኔ ከሮቶው ጀርባ ምንጣፌን አንጥፌ እየሰገድኩ ነበር። ሰባት ሰዓት ከሩብ ገደማ ደወሉ ጮኸ። አንዷ "ምነው ዛሬ ቸኮለ፣ ሰሊጡ ናፍቆን ኖሯል?" ስትል ሳቁን ሰማሁ። ዝናሽ ነጠላዋን አራግፋ "ተነሡ እንጂ እናንተ!" አለች። በእኔ በኩል ስታልፍ፣ ስግደት ላይ ሆኜ እንደማልመልስላት እያወቀች፣ "ሙሚና፣ ቀስ ብለሽ ጨርሺ፤ ጆንያሽን እኔ አወጣልሻለሁ" አለችኝ። ከምሳ በኋላ ለእያንዳንዳችን ባዶ ጆንያ ከመጋዘኑ አውጥታ የምታድለው እሷ ነበረች።

ማሽኑ ሳይነሣ ደወሉ መጮኹን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ልብ አላልኩም። የጮኸው በሩ ከለቀማ ክፍሉ ውስጥ የሆነው የጆንያ መጋዘን ዕቃ ነበር፤ ከተላጠ ሽቦ የተነሣ እሳት በዝግ በር ውስጥ ጆንያውን እየበላ ነበር። የሁሉም ድምፅ አንድ ስለሆነ፣ የውሸቱን ከእውነቱ ማን ይለየው? በክፍሉ ውስጥ የነበረውንም ጉም፣ ሁልጊዜ የምንውጠው አቧራ መስሏቸው ገቡ። ዝናሽ እንደ ልማዷ ቀድማ ሄዳ የመጋዘኑን በር ከፈተችው፤ እሳቱ ወጣባት።

ሌሎቹ እየጮኹ ወጡ። አብራን የምትለቅመው ሰብለ ወንጌል ዝናሽን ስትጎትት ሁለት እጇ ተቃጠለ። ዝናሽ አራት ቀን ሆስፒታል ተኝታ ሞተች። እኔ ምንጣፌ ላይ ስለነበርኩ ተረፍኩ፤ ጆንያዬን ልታወጣልኝ የሄደችው ግን አልተረፈችም።

5ኛ. አሁን ይህንን ሁሉ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። ከቀብሯ በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በማኅተምዎ የተለጠፈው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ "ሟች የማስጠንቀቂያ ደወሉን ችላ በማለት ወደ አደጋው ቦታ በመግባታቸው፣ ለደረሰባቸው ጉዳት ራሳቸው ኃላፊ ናቸው።" አማርኛው እንዴት ያምራል! "ሟች" ብለው በአንቱታ መጻፍዎም ትሕትናዎን ያሳያል፤ በሕይወት ሳለች አንቺ ነበር የሚሏት።

የዝናሽ ልጅ እስከዳር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የእናቷን ልብስና ሳህን ልትወስድ መጥታ ሰሌዳው ፊት ቆማ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እትዬ ሙሚና፣ እማዬ ደወሉን ንቃ ነው የሞተችው?" አለችኝ። አይደለም ብላት፣ "ማኅተም አለበት እኮ" አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ማኅተም የለኝም። ለዚያ ነው ይህንን የምጽፈው።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ያ ዓረፍተ ነገር ተሰርዞ፣ በቦታው እውነቱ በዚያው ማኅተም ይጻፍ፤ የአርባ ቀን መታሰቢያዋ ሳይደርስ ይጻፍ። ዝናሽ ደወሉን አልናቀችም። ከሁላችን ይልቅ የታዘዘችው እሷ ናት፤ በመታዘዟም በእጅዎ ሸልመዋታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ደወሉን ችላ ያለ ሰው ከተፈለገ መሰላሉን ለባነር ብቻ የፈቀደው ሰው አለ፤ ከሱ ቀጥሎ ግቡ ብዬ ያስተማርኩት እኔ አለሁ፤ ስሜን ለመጻፍ አያፍሩ፣ ሙሚና በ"ሙ" ነው የሚጀምረው። የእሷ ስም ግን በዚያ መስመር ውስጥ ቦታ የለውም።

ከአደጋው በኋላ ስላደረጉልን እንክብካቤም ሳላመሰግን አላልፍም። አዲስ ባነር ተሰቅሏል፤ ከድሮው ይሰፋል። ነጯ ዕቃ እንደነበረች ናት።

ለድካምዎ ብድሩን ይክፈልዎ እያልኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ ንጹሕ አየርና የማይዘጋ በር እመኝልዎታለሁ፤
በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ቀርታ የማታውቅ፣ ጆንያዋን እስካሁን የምትጠብቅ ሠራተኛዎ፣
ሙሚና ጃቢር

ግልባጭ፦
– ለአያ አላምረው፤ አራተኛ ደብዳቤ ለመጻፍ እንዳይደክም
– ለእስከዳር፤ ማኅተም ባይኖረውም እንድታስቀምጠው
– ለማስታወቂያ ሰሌዳው፤ ከሪፖርቱ ጎን ቦታ ስላለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ልለጥፈው ስል ዛሬ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ ጮኸ። ሠላሳ አንዳችንም ሳህናችንን ጥለን ወጥተን ከዋናው በር ውጭ ቆምን። ዘበኛውን ልከው "አቧራ ነው፣ ግቡ" አስባሉን፤ አያ አላምረው በመሰላል ወጥቶ ከፍቶ ጠርጎ አቧራ መሆኑን በዐይኑ አይቶ ካልነገረን አንገባም ብለን መልሰናል። ደጅ ቆመን ሰው ስንቆጥር ከድርጅቱ አንድ ሰው ጎደለን፤ እርስዎ ነበሩ፤ ደወሉ እየጮኸ እርስዎ ከውስጥ ነበሩ። ክቡር ሆይ፣ ደወል ሲጮህ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው። ካስቸገረዎ ይምጡና ላሳይዎ፤ ከጥር 15 ወዲህ በትክክል ማስተማር ጀምሬአለሁ።