ጅርጅር የዘራሁብህ ጓሮ

ውቤዬ፣ ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነህ። እስካሁን አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ስለረሳሁህ አይደለም። ከማድ ቤቱ በር አሥር እርምጃ ርቀህ ተኝተህ ሳለህ የሚባለውን ሁሉ በቃሌ እነግርህ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን ቆፍረው ወሰዱህ፤ እኔም በር ዘግቼ፣ ተደብቄ ዝም አልኩ። ይህን ለአንተው ልናዘዝ ነው የምጽፈው። ነገ እሑድ ደግሞ ከሐሙሱ የባሰ የሚያስፈራ ነገር ይጠብቀኛል፣ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ልንገርህ። ጦርነቱ ሲነሣ አሠሪያችን ሐጃ ቤቱን ጠብቁልኝ ብላን ከነልጆቿ ወደ ካይሮ ስትሸሽ የነበረው የሱዳኑ ሰፈራችን አል-ጣኢፍ ዛሬ የለም። ሶፋውም ማቀዝቀዣውም ተጭኖ ሄዷል፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው የመብራት ሽቦ እንኳ ተመዞ ተወስዷል። በመንገዱ ላይ አስፋልቱን ሰንጥቆ ሣር በቅሏል። በጎረቤታችን ሳሎን ውስጥ የኒም ዛፍ አድጎ በጣሪያው ቀዳዳ ወጥቷል። አንተ ብታየው እጅህን እያፋተግህ በተደሰትክ ነበር። እኔን ግን ያስፈራኛል፤ ሣር እንዲህ የሚደፍረው ሰው የጠፋበትን ቦታ ነው። ከቤት ስወጣ መሀል መንገዱን ይዤ ነው የምሄደው።

ያ የግጥም መጽሐፍህ አለ፤ ማንም አልፈለገውም። ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ ስታስተምር ከኖርክበት ሕይወት ይዘኸው የመጣኸው እሱን ብቻ ነበር፤ እዚህ አትክልተኛ ሆነህም አልተለየህም። ሐጃ ሣሩ እንደ ምንጣፍ እኩል እንዲታጨድ ትፈልጋለች፤ አንተ ደግሞ በግንቡ ጥግ አንዲት ቁራጭ ሳትነካ ትተህ፣ ስትጠይቅህ ለሆድ ቁርጠት የሚሆን መድኃኒት ነው ብለህ ዋሸሃት። ከሰዓት በኋላ እዚያ ትቀመጥና፣ እኔ ሽንኩርት ስልጥ፣ የእነዚያን የጥንት አሜሪካውያን ገጣሚዎች ነገር በአማርኛ ትነግረኝ ነበር። የሰው እኔነት ቆዳው ላይ አያልቅም፣ ከዛፉም ከወንዙም ጋር አንድ ነው፤ ሰው ዱር ውስጥ ብቻውን ሲቆም ነው ራሱን የሚያገኘው፤ ከሕዝብ ጩኸት ይልቅ የገዛ ልብህን ስማ ይላሉ ትለኛለህ። እኔም፣ ብቻውን ጫካ መግባት የሚያምረው ጅብ የሌለበት አገር ሰው ነው እልሃለሁ። ትስቃለህ። አንድ ቀን፣ ስሞት ያለ ስም ከሣሩ ጋር ብደባለቅ ቅር አይለኝም ብትለኝ ተቆጣሁ፤ ቄሱ ታዲያ ማን ብሎ ነው የሚፈታህ አልኩ። ክርስትና ስምህን የነገርከኝ ያን ቀን ነው፣ ያውም በስንት ልመና። ወልደ ጊዮርጊስ።

ስኳርህ መድኃኒት አጥቶ ሲገድልህ ተኩሱ ከበራችን አይርቅም ነበር፤ ወደ ክርስቲያኖች መቃብር የሚያደርስ መንገድ አልነበረም። ራሴ ቆፈርኩልህ። ያልታጨደው ጥግ አፈሩ ለስላሳ ስለነበር እዚያ አደረግኩህ። ፍትሐት የለ፣ ለቀስተኛ የለ፤ ድምፄ እንዳይሰማ አፌን በፎጣ አፍኜ ነው ያለቀስኩልህ። ወዲያው ሌላ ፍርሃት መጣ። መሣሪያ የያዙት ሰዎች ወርቅ ተቀብሯል እያሉ፣ አዲስ የተነካ አፈር ያዩበትን ግቢ ሁሉ ይገለብጡ ነበር። በማድ ቤት የቀረኝ የጅርጅር ዘር ነበር፣ ሱዳኖች ከፉል ጋር በጥሬው የሚበሉት ያ ቅጠል። በላይህ ዘራሁት፤ ከመስጊዱ ጉድጓድ በጀሪካን ውሃ እያመላለስኩ አጠጣሁት። በአሥረኛው ቀን ሲመጡ ያዩት አረንጓዴ መደብ ብቻ ነው። አንዱ ረግጦህ አለፈ፣ እኔም ሰላም አልኩት።

ከዚያ ምስሩ አለቀ፣ ዱቄቱም አለቀ። ሦስት ቀን ውሃ ብቻ ጠጥቼ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን፣ ውቤ፣ ከላይህ ቀጥፌ በላሁ። አጥቤው፣ አማትቤ በላሁት። አፈር ስሆን እንዳትቀየመኝ። ወራቱን ሙሉ እየደጋገምኩ እየዘራሁ የኖርኩት ከዚያች መደብ ነው። ኃጢአት ይሁን አይሁን የምጠይቀው ቄስ አልነበረም። አንተ እንደማትቆጣኝ፣ እንዲያውም መጽሐፌ እውነት ሆነ ብለህ ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። በጎረስኩ ቁጥር ወደ ሰማይ ቀና እያልኩ ነበር የምውጠው።

ያ ከሁሉ ነገር ጋር አንድ መሆን የምትለኝም ነገር ደረሰብኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግንቡ ሥር ቆሜ ሳለሁ፣ ነፋሱ ኒሙን ሲያወዛውዘው እጄ የቱ፣ ቅርንጫፉ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሰላም አላገኘሁበትም፤ ልክ ጨለማ ደረጃ ላይ እግር ሲስት እንደሚደነገጠው ነው የደነገጥኩት። ለሦስት ወር በስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ጮክ ብዬ፣ ብርቅነሽ፣ ብርቅነሽ እያልኩ ራሴን ጠራሁ። ውቤ፣ እነዚያ ገጣሚዎችህ ዱር ገብተው ራሳቸውን ሲረሱ፣ ሲመለሱ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ቤት ውስጥ የነበራቸው ይመስለኛል። አንተ ብትኖር በዚህ ነገር አንድ ሳምንት እንከራከር ነበር።

አሁን ወደ ሐሙሱ ልመለስ። ከተማው ከተረጋጋ ወዲህ በየግቢው የተቀበሩትን እያወጡ ወደ መካነ መቃብር የሚወስዱ ሰዎች በየሰፈሩ ይዞራሉ። ሐጃም በስልክ ድምፅ ላከች፤ ኢንሻአላህ ከዒድ በኋላ እንመጣለን፣ ጓሮውን ሴራሚክ እናነጥፈዋለን፣ ሟቹ ግን ይነሣ አለች። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ካለፈበት ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ያገራችንን ልጅ ወረቀት የለሽም ብለው ከገበያ ይዘው ወደ ድንበር በሚሄደው አውቶቡስ ጭነዋታል። ስለዚህ ሰዎቹ ሲመጡ ማድ ቤት ገብቼ ተቀረቀርኩ፤ በር የከፈተላቸውን የሐጃን የወንድም ልጅ የለችም በላቸው ብዬ ለምኜው ነበር። በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። ጅርጅሩን ከነሥሩ ገልብጠው ወደ ግንቡ ወረወሩት። አንዱ ስሙ ማነው ብሎ ጠየቀ። ልጁ ውጭ አገር ያደገ ነው፤ አያውቅህም። ሐበሺ ነው፣ መጅሁል ብለህ ጻፈው፣ ያላ፣ ቶሎ በል አለ። መጅሁል፤ የማይታወቅ። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ ግን እምቢ አለኝ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ እናትም የለችኝ፣ ለማን ብዬ እንደፈራሁ እንጃ። መኪናው ሲሄድ ድምፁ እስኪጠፋ ከወለሉ አልተነሣሁም።

ልጁ በኋላ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ደጋግሞ ነገረኝ። እስከ እሑድ ድረስ ቤተሰብ ነኝ የሚል ቀርቦ ከፈረመ በስምህ ይቀብሩሃል፣ ከክርስቲያኖቹ ጋር። የሚመጣ ከሌለ ከሌሎቹ መጅሁሎች ጋር በቁጥር ትገባለህ። የሚፈርም ሰው የመኖሪያ ወረቀቱን ማሳየት አለበት።

ሁለት ቀን ሙሉ በአንተው ቃል ስደበቅ ሰነበትኩ። ስም ምን ያደርግለታል፣ ራሱ አልነበር እንዴ እንዲህ ሲል የኖረው አልኩ። ለፈሪ ሰው እንዴት ያለ ጥሩ ሰበብ ነው! ዛሬ ግን ሰልችቶኛል። አንተ ያለ ስም መቅረት ከወደድክ ያንተ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን የመጅሁል ሚስት ሆኜ መኖር አልችልም።

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ያለቀ ኢቃማዬን እንደያዝኩ ጠረጴዛው ፊት እቆምና ሚስቱ ነኝ እላለሁ፤ ስምህን ከነአባትህ፣ ቀጥሎም ወልደ ጊዮርጊስን አስጽፌ እፈርማለሁ። አውቶቡሱ ላይ ከጫኑኝም ከፈረምኩ በኋላ ይሁን። የሚጥሉኝ የትም ይሁን የት፣ ደጁን ከረገጥኩት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ክርስትና ስምህን ለቄሱ ሳልሰጥ አልወጣም፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በጸሎት የሚያነሣህ አታጣም። ውቤዬ፣ በጣም ፈርቻለሁ። እግሬ ከአሁኑ ይንቀጠቀጣል። ይንቀጥቀጥ፤ እየተንቀጠቀጠም ያደርሰኛል።

ሚስትህ
ብርቅነሽ